መልስ፦ «ጋንዲ» ፊልም ለሦስት ሰዓት መቀመጥ ያዋጣል?

ወንድሜ፣ «ርዝመቱ አስፈራኝ፤ ደግሞስ ታሪኩ ምን ያህል እውነት ነው?» ላልከው፣ እኔ እየው ባይ ነኝ። 191 ደቂቃ ነው፤ ለሁለት ማታ ብትከፍለውም ችግር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት 8 ኦስካር ጠራርጎ ወስዷል፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይ (ቤን ኪንግስሊ) ጭምር። ሽልማቱን ተወውና ሕንድ ውስጥ ባለችው ዳራሳና፣ የእንግሊዝን የጨው ሕግ በመቃወም የተደረገውን የጨው ማምረቻ ትዕይንት ጠብቅ። የጋንዲ ተከታዮች ረድፍ ሠርተው ወደ በሩ ይጠጋሉ፣ ፖሊሶቹ በዱላ ይወቅሯቸዋል፣ ሴቶች የወደቁትን ጎትተው ያወጣሉ፣ ቀጣዩ ረድፍ ይተካል። ዱላውን ለመመከት እንኳ እጁን የሚያነሳ የለም። «ሰላማዊ ትግል የፈሪ ነው» የሚልህ ካለ ይቺን ብቻ አሳየው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1930 በእርግጥ የሆነ ነው። በፊልሙ ይህን የሚዘግበው ዎከር የተባለው ጋዜጠኛ ግን የፈጠራ ሰው ነው፤ ዳራሳና ተገኝቶ ለዓለም የዘገበው አሜሪካዊው ዌብ ሚለር ነበር።

በጋንዲ ቀብር ላይ የሚታየውም ሕዝብ በኮምፒውተር የተባዛ እንዳይመስልህ፤ ከ300,000 በላይ ሰው ደልሂ ላይ በአካል ወጥቶ ነው የተቀረጸው።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ ክስተቶች እውነት ናቸው። እኔን ቅር የሚለኝ የተዘለለው ነው። የፓኪስታን መሥራች ጂና ፊቱን ቋጥሮ የሚዞር ሰው ብቻ ሆኗል። በዳሊቶች («የማይነኩ» ተብለው በተገለሉት ሕንዳውያን) መብት ጉዳይ ጋንዲን ፊት ለፊት የሞገተው የዳሊቶች መሪ አምበድካር ጭራሽ የለም! ጋንዲ ከበኩር ልጁ ከሃሪላል ጋር የነበረው መቃቃርም አልተነካም። ፊልሙን ስትጨርስ ስለ አምበድካር ትንሽ ብታነብ ጥሩ ነው።