ክርክሩን ያሸነፈ እጩ ምርጫውን ለምን ይሸነፋል?

ክርክሩን ያሸነፈ እጩ ምርጫውን እንዴት ሊሸነፍ እንደሚችል ለጠየቁት፣ ዋናው ምክንያት ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ አስቀድመው የወሰኑ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ከሦስቱም ክርክሮች በኋላ የተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች ሂላሪ ክሊንተን እንዳሸነፉ ቢያሳዩም፣ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው።

ክርክር የሚበረታው ቀድሞ የነበረን ጥርጣሬ ሲያረጋግጥ ነው። ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ ከተከራከሩ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ያሳሰባቸው የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ጫና በርትቶባቸው፣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ከውድድሩ ወጥተዋል።

በእኛ አገር የ1997ቱ የፓርቲዎች ክርክር ከዚህ ይለያል። የፓርላማ ምርጫ ከመሆኑም በላይ፣ ሕዝቡ ተቃዋሚዎችን በቴሌቪዥን በዚያ ስፋት ሰምቶ ስለማያውቅ ክርክሩ የብዙዎችን ስሜት ቀስቅሷል፤ ቅንጅትም የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ አሸንፏል። ድሉን ግን ለክርክሩ ብቻ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

በአንድ ነገር ይጠንቀቁ። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር ስንወያይ ደጋግሜ እንዳስተዋልኩት፣ ክርክሩን ሙሉውን የተከታተለ ሰውና በማግስቱ በቴሌግራም የተቆራረጠ ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው የሚሰጡት ፍርድ እጅግ ይራራቃል። ስለዚህ «ማን አሸነፈ?» የሚለውን የዚያኑ ምሽት መጠይቅ ትተው፣ «ማንን ይመርጣሉ?» ለሚለው ከክርክሩ በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሰጡትን መልሶች ያነጻጽሩ።