ጥርስ ከማውጣትህ በፊት አንገቱን እይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት ሲያገኝ በሚጮኸው መሣሪያ) የቆዩ ሳንቲሞችና የወደቁ ዕቃዎች መፈለግ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። የምቆፍረው በአትክልት መትከያ የእጅ አካፋ ነው። ሥር ሲያጋጥመኝ አካፋው ይታጠፋል እንጂ ሥሩ አይቆረጥም። ስለዚህ ግራ ቀኙን በግራይንደር እንደ መጋዝ ጥርስ ላወጣለት አስቤያለሁ። ያዋጣል ይላሉ? ደግሞ ጉድጓዱ አጠገብ ሳስቀምጠው ዲቴክተሩ ይጮህብኛል። እስቴንለስ (የማይዝገውን ብረት) ብገዛ ይቀርልኛል?
ጀማሪው ቆፋሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥርሱን በአንድ ጠርዝ ብቻ አውጣ። ከተቻለም በሞረድ ይሁን። ያውም አንገቱን ካየህ በኋላ።

ይህን የምልህ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። የመጀመሪያዬን መቆፈሪያ እኔም በግራይንደር ነው ያበላሸሁት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ጠርዝ ጥርስ በጥርስ አደረግሁት። የአዞ መንጋጋ መሰለ። ኮራሁበት። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የመዳብ ሳንቲም አገኘሁ። ምን ያደርጋል፣ ገና ሳላያት ጥርሱ ፊቷን ከዳር እስከ ዳር ቧጭሯት ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እጀታው ብቻውን እጄ ላይ ቀረ። የተሰበረው በጥርሱ በኩል መስሎሃል? አይደለም። ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባበት አንገቱ ላይ ነው።

ያንተም አካፋ የሚታጠፈው እዚያው ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ጠንከር ያለ መሬት ውስጥ ግማሹን ሰክተህ እጀታውን ቀስ ብለህ ወደ ራስህ ሳበው። አንገቱ ላይ ሲላወስ ካየህ ጥርሱን እርሳው። ጥርስ ያለው መቆፈሪያ ይበልጥ እንድትታገል ያደፋፍርሃል። ትግሉን የሚሸከመው ግን አንገቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ የሆነ፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሌላ መቆፈሪያ ብትፈልግ ይሻላል። የለም፣ ያለኝኑ አስበይደዋለሁ ካልክ ደግሞ የዚንክ ቅብ ካለው መጀመሪያ ይፋቅ። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል።

አንገቱ ደህና ነው እንበል። ሞርሳ ላይ እሰረውና ጠርዙን በሞረድ ሞክረው። ሞረዱ ቶሎ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው። ጥርሱ በቀላሉ ይወጣልሃል፣ በቀላሉም ይዶለዱምብሃል። በየጊዜው መሳል ነው እንግዲህ። ሞረዱ እየተንሸራተተ አልነክስ ካለህ ግን ብረቱ በእሳት የጠነከረ ነውና ያኔ ግራይንደሩን አንሳ። የኔም ጥፋት እዚህ ላይ ነበር፤ ብረቱን ሳላሳርፍ ፈጨሁት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነካ አድርግና ውሃ ውስጥ ንከረው። እንደገና ነካ፣ እንደገና ውሃ። ብረቱ ሲግል መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ካየህ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ብትነክረውም አይመለስም። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርግ ደግሞ እንዳትጀምር።

ለጥርሱ እኔን የተመቸኝ ልክ ከጥርስ ጥርስ 6 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ነው። ሹሉ ወደ እጀታው ያጋደለ ይሁን። ሥር የምትቆርጠው ወደ ራስህ ስትስብ ነውና። ከጫፉ በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳትነካ ተወው። ጫፉ ከሳሳ ድንጋይ ሲመታ ይተጣጠፋል። በጥርሶቹ መሃል ያለውን ግርጌ በክብ ሞረድ ክብ አድርገው። ግርጌው ሹል ሆኖ ከቀረ ብረቱ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሞረዱን ስትገፋ ተጫን፣ ስትመልስ አንሳው። ወዲያ ወዲህ ከፈተግከው የሚያልቀው ሞረዱ ራሱ ነው።

ሌላኛውን ጠርዝ ለስላሳ አድርገህ እንደ ቢላ ሳለው። ሣር ያለበት ቦታ ሦስት ጎኑን በዚህ ትቆርጥና አራተኛውን ሳትነካ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ትገልጠዋለህ። ስትጨርስ መልሰህ ትደፍነዋለህ፣ ሣሩም አይደርቅም። የቦታው ባለቤት በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ የሚሰጥህም ያኔ ነው። ዕቃው ጋ ስትቃረብም በጥርሱ ሳይሆን በለስላሳው በኩል፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን ግባ። ያቺ ሳንቲሜ አሁንም ታንገበግበኛለች።

እግረ መንገድህን ጥርስ በሌለው ጠርዝ ላይ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ትንሽ ምልክት በሞረድ ጫር አድርግበት። ጥልቀቱን እዚያው ታያለህ። በቀለም ብታሰምረው አፈሩ በሁለት ቀን ያጠፋዋል።

ወደ ጩኸቱ እንምጣ። እስቴንለስ አያድንህም። ማግኔት የማይስበው ዓይነት እንኳ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዲቴክተሩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። መላው ቀላል ነው። ጉድጓዱን እንደገና ከመፈተሽህ በፊት መቆፈሪያውን ከጀርባህ ራቅ አድርገህ ጣለው፣ ወይም ወገብህ ላይ ሰገባ አብጅለት። በወገብህ ከያዝከው ግን ስትንበረከክ ዲቴክተሩን ወደ እሱ አታስጠጋ።

ከጀርባህ የምትጥለው ከሆነ እጀታውን ቀይ ወይም ብርቱካናማ ናስትሮ ጠቅልልበት። የኔ ሁለተኛው መቆፈሪያ እጀታው አረንጓዴ ነበር። ረጅም ሣር ውስጥ ጥዬው ግማሽ ሰዓት በዓይኔ ስፈልገው ቆየሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት በዚያው በዲቴክተሩ ነው።