«ሁለት ጊዜ ሳላረጋግጥ አልነሳም» ላልሽኝ እህቴ

አንዲት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ። አብራሪነት የሚማር የሰፈራችን ልጅ ግን አንድ ነገር ነግሮኝ ጨነቀኝ። በረራ በሚያስመስለው መለማመጃ፣ ሲሙሌተር ውስጥ፣ መሬት ሲቀርብ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ሳታስቢ አውሮፕላኑን ወደ ላይ መሳብ ነው አለኝ። እኔ ፈተና ላይ እንኳ መልሴን ሁለት ጊዜ ሳላረጋግጥ አልነሳም። ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው?»

እህቴ፣ ትሆኛለሽ። ልጁ የነገረሽም ልክ ነው።

በክረምት ጠዋት ከከተማ ሆነሽ ወደ ጅሬን ቀና ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ። ኮረብታው ጠፍቶ ደመና ብቻ ነው። እኛ እዚያ መኖሩን የምናውቀው ስለኖርንበት ነው። በደመና ውስጥ የሚመጣ አብራሪ ግን የሚያምነው መሣሪያውን ነው። ምንም ያልተበላሸ አውሮፕላን፣ አብራሪው እየተቆጣጠረው፣ ተራራ የሚመታበት አደጋ ለዓመታት ብዙ ሰው ጨርሷል። ዶን ቤትማን የተባለው መሐንዲስ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን የሰጠው ይህን ለማስቆም ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያው ከአውሮፕላኑ ሥር ያለውን ከፍታ በሬዲዮ ሞገድ እየለካ ነበር የሚያስጠነቅቀው። ከፊት የተገተረ ገደል ግን አይታየውም። በ1990ዎቹ የመጣው አዲሱ መሣሪያ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከተከማቸ የመሬት ካርታ ጋር ያመሳክራል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ይጮሃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 አንድ የሱኮይ ሱፐርጄት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ እንግዶች ጭኖ ለማሳያ በረራ ተነሳ። ሳላክ ተራራን ከመምታቱ 38 ሰከንድ በፊት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ዋናው አብራሪ ልምድ ያለው ሰው ነበር። የመሣሪያው ካርታ የተሳሳተ መሰለውና ድምፁን አጠፋው። 45 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ በኋላ ሁኔታውን በሲሙሌተር ደገሙት። ከመጀመሪያው ጩኸት በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ላይ ቢሳብ ኖሮ ይተርፉ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። 24 ሰከንድ እኮ ረጅም ጊዜ ነው።

ስለዚህ «ፑል አፕ! ፑል አፕ!» (ወደ ላይ ሳብ!) የሚለው ድምፅ ሲመጣ የማረጋገጫው ሰዓት አልፏል። ቀን ሆኖ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ፍንትው ብሎ እየታየ አደጋ አለመኖሩ እርግጥ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በሌሊትና በደመና ውስጥ ግን መጀመሪያ መሳብ፣ ከዚያ መጠየቅ ነው። በቦይንግ አውሮፕላኖች አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት ይለቀቃል፣ ሞተሩ ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል፣ ያዘነበለ ክንፍ ይስተካከላል፣ አፍንጫው ወደ 20 ዲግሪ ይነሳል። አውሮፕላኑን የሚያዘገየው የአየር ፍሬን መታጠፉም ይታያል። ጎማና ፍላፕ (ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል) መሬቱ እስኪርቅ አይነካም። ሌላው አብራሪ ደግሞ ከፍታውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የተረሳ ነገር ካለም ይጠቁማል።

የአየር ፍሬኑን ነገር ተራ ነገር አታድርጊው። እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ካሊ፣ ኮሎምቢያ ይበር የነበረ ቦይንግ 757 የድሮው ዓይነት መሣሪያ ነበረው። የጮኸላቸው 12 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። አብራሪዎቹ አልተጠራጠሩም፤ ኃይል ሰጡ፣ ሳቡ። ቶሎ ለመውረድ ክንፉ ላይ የዘረጉት የአየር ፍሬን ግን እንደተዘረጋ ቀረ። 159 ሰው ሞተ። ልጁ «ሳታስቢ» ያለሽም ለዚህ ነው፦ በዚያች ቅጽበት የሚታሰብ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ታስቦ እጅ ውስጥ መግባት አለበት።

ይህ ደግሞ ተሰጥኦ አይደለም፤ ይለመዳል። ሲሙሌተር ውስጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ እጁ ይይዘዋል። ሌላው ደግሞ ተሳፋሪ እንዳይንገላታ ለስለስ አድርጎ መብረር ስለለመደ በፍርሃት ይስባል፤ በቂ አይሆንም። አስተማሪው ያስደግመዋል፤ እንደገና ያስደግመዋል። ፈቃድ ካገኙ በኋላም ስልጠናው አይቀርም፤ አብራሪ በየጊዜው ተመልሶ ሲሙሌተር ውስጥ ይፈተናል።

ያንቺ ሁለት ጊዜ የማረጋገጥ ጠባይ ቦታው ከዚህ በፊት ነው። ወደ ማረፊያው ከመውረዳችሁ በፊት ዙሪያው ያለው ተራራ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከየትኛው ከፍታ በታች መውረድ እንደማይቻል የምታጣራው አንቺ ትሆኛለሽ። እንዲህ ያለ አብራሪ ያንን ጩኸት ከሲሙሌተር ውጭ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። ጠባይሽን አትጣዪው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ዓይንሽንና ጆሮሽን ተመርመሪ። የንግድ አብራሪ ፈቃድ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ቤተሰብ ለዚህ ብሎ የቡና ገንዘቡን ካወጣ በኋላ እንቅፋት እንዳይሆንብሽ። እንግሊዝኛሽን በንግግር አጠንክሪ፤ ሬዲዮ ላይ አጭርና ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪ ሠልጣኞች ማስታወቂያ ሲያወጣ መስፈርቱን ከራሱ ከማስታወቂያው አንብቢ። «እኔ አስገባሻለሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

ማታ ማታ ደግሞ በርጩማ ላይ ቁጭ በይና ያንን ቅደም ተከተል ጮክ ብለሽ እያልሽ በእጅሽ ሥሪው። ታናሽ ወንድምሽ ባላሰብሽው ሰዓት፣ እንጀራ እየቆረስሽም ቢሆን፣ «ፑል አፕ!» ይበልሽ። የመጀመሪያው ቀን ይጠፋብሻል። በሁለተኛው ሳምንት እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ።