ስለዚያች ነጭ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አራት ፎቶ ላከችልኝ። ከስሩ እንዲህ ብላለች፦ «ጋሼ፣ ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት? ሁሉም ላይ አለች። ፊልሙ ነው ወይስ ካሜራዬ ታሟል?»

በስልኬ አየኋቸው። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁ። ነጥቧ አራቱም ላይ እዚያው ቦታ ናት፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ላይ። አንዱ ላይ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ሌላው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ። ካሜራሽ ምንድን ነው አልኳት። ዞርኪ 4 አለችኝ። ስልኩን አስቀመጥኩና ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

መልሱን ወዲያው አውቄዋለሁ። ያወቅኩበት መንገድ ነው ያስወጣኝ።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ብቻ አይደለም። አሮጌ የፊልም ካሜራ ገዝታችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ ነው። ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም፣ ፊልሙ ሳይጠቀለል ጀርባው አይከፈትም የሚለውን አልጽፍም። ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁም አንድ ፊልም ካበላሻችሁ በኋላ ታውቁታላችሁ።

ፎቶ ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ ነበር የምላቸው። ብዙ አያወሩም። ለካሜራ ያላቸው ደንብ ሁለት ነው። ፎቶ በማታነሳበት ሰዓት ክዳኑን ግጠም። ሞላውን ወጥረህ (ለመተኮስ አዘጋጅተህ ማለት ነው) አታስቀምጥ። ካሜራቸው ዞርኪ 4 ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ መመረት የጀመረችው። ሌንሷ ጁፒተር 8፣ 50 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው፣ እስከ 2 የሚከፈት። የዚያች ካሜራ አንድ አመል አላት፤ መጀመሪያ ትወጥራታለህ፣ ከዚያ ነው ፍጥነት የምትመርጠው። ሳትወጥር ፍጥነቱን ካዞርክ ውስጧን ልትሰብር ትችላለህ። ይህን ሦስተኛ ደንብ አላሉትም። «እሷ ናት እንዲህ የምትፈልገው» ነበር የሚሉኝ።

19 ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቀን አዋሱኝ። በረንዳ ላይ ቆሜ ማዶ ጣሪያ ላይ የተጋደመች ድመት አየሁ። ወጠርኩ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ ፎከሱን ሩቅ ላይ አደረግኩ። ድመቷ ዘላ ሄደች። ከውስጥ ሰው ጠራኝ። ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋድሜ ገባሁ። ሌንሷ ወደ ሰማይ። ክዳኑ ኪሴ ውስጥ። ሰዓቱ እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ሩብ ሰዓት ብቆይ ነው። ተመልሼ ክዳኑን ከኪሴ አውጥቼ ገጠምኩ። ምንም አልታየኝም።

ማታ ፊልሙን ጨርሼ ልቀይር ጀርባዋን ነቀልኩ። የዞርኪ ጀርባ እንደ በር አይከፈትም፣ ከነታችኛው ክፍሉ ተነቅሎ ነው የሚወጣው። ባዶዋን ወጠርኳትና አምፖል ስር ሳዞራት አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ። ስተኩሳት ጠፋች። ስወጥራት ተመለሰች። ልቤ ቀጥ አለች።

ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ባለመስታወት ካሜራ፣ ኤስ.ኤል.አር የምትሉት፣ ሌንሱና መጋረጃው፣ ማለትም እስክትተኩሱ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው፣ መሀል መስታወት አለው። መስታወቱ ወርዶ እስካለ ድረስ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ላይ ይልከዋል። ዞርኪን የመሰሉት፣ እነ ፌድ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣችው ላይካ ኤም 3 ራሷ፣ መስታወት የላቸውም። ከሌንሱ ኋላ ያለው ጎማ የተቀባ ጨርቅ ብቻ ነው። በልጅነታችሁ በማጉያ መስታወት ወረቀት አቃጥላችሁ ከሆነ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ካኖን ፒ የብረት መጋረጃ አላት። እሷ አትቃጠልም። ጣት ከነካት ግን ትጨማደዳለች፣ ያም ሌላ ለቅሶ ነው።

መጋረጃው ደግሞ ሁለት ነው። ካሜራው ሲወጠር ፊልሙን የሚጋርደው አንደኛው ነው፣ ከተተኮሰ በኋላ ሁለተኛው። እኔ ያቃጠልኩት የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ ቀዳዳዋ ብርሃን የምታስገባው ካሜራው ተወጥሮ፣ ክዳኑ ተነስቶ በሚጠብቅበት ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ አንድ ሙሉ ፊልም አነሳሁና ራሴ አጠብኩት። ነጥብ የለም! ለምን? ጋሼ እንዳስተማሩኝ ልክ ላነሳ ስል ወጥሬ ወዲያው ስለምተኩስ። የእሳቸውን ደንብ ማክበሬ ጥፋቴን ደበቀልኝ። እሰይ አልኩ። ምንም አልሆነችም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አጽድቼ፣ በቦርሳዋ አድርጌ መለስኩላቸው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ወንድማቸው መጡ። ለዓመታት አልተያዩም። ያደሩት አንድ ሌሊት ነው። ጠዋት ጋሼ መስኮት አጠገብ ወንበር አስቀመጡ፣ ካሜራዋን ትራይፖድ ላይ ሰቀሉ። የሰው ፊት ሲያነሱ ደንባቸውን ይጥሱ ነበር። ወጥረው፣ ክዳኑን አንስተው፣ የመተኮሻ ሽቦውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሰውየው ፎቶ እየተነሳ መሆኑን እስኪረሳ ነው የምጠብቀው ይሉ ነበር። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። አይኔ ሽቦው ላይ ነው። አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር እላለሁ በሆዴ። 36ቱንም ሲጨርሱ ተነስተው ወንድማቸውን አቀፏቸው።

ፊልሙን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ውሃው እየተንጠባጠበ ብርሃን ፊት ዘረጋሁት። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነጥብ ይዟል። ቸኩለው ያነሱት ላይ ትንሽ ናት። ረጅም የጠበቁት ላይ፣ ወንድማቸው ከልባቸው የሳቁበት ላይ፣ ትልቅ ናት። በትዕግሥት ያገኙት ፎቶ ሁሉ የባሰ ተጎድቷል።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ቀን ክዳኑን ረስቼ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። «መብራቱን ላቅርብልዎት?» ነው የወጣው።

ሦስት ምሽት ሠሩበት። አሥራ አንድ ፎቶ መርጠው አሳተሙና ነጩን ነጥብ በብሩሽ መሙላት ጀመሩ። ብሩሿ ጫፏ ላይ ሁለት ሦስት ፀጉር ብቻ ነው ያላት። ቀለሙን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ያቀጥኑታል። አይቀቡም፣ ይነቁጣሉ። አንድ ነቁጥ፣ እስኪደርቅ ጥበቃ፣ ሌላ ነቁጥ። ግራጫው ከአካባቢው ቆዳ ጋር እኩል እስኪሆን። ግንባር ላይ የወደቀችው ቀላል ነበረች። ቅንድብ ላይ የወደቀችውን ግን አበላሹና ቀደው እንደገና አሳተሙ። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ። አምፖሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ «ደክሞሃል፣ አስቀምጠው» አሉኝ።

ጋሼ ካለፉ ቆይቷል። አልነገርኳቸውም። አንዳንዴ ያውቁ ነበር እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ካሜራዋን አላዋሱኝማ። ወይም እኔ አልጠየቅኳቸውም። የቱ እንደሆነ አሁን አላስታውስም።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። አሮጌ ካሜራ ስትገዙ፣ ባለጨርቅ መጋረጃ ከሆነ፣ ፊልም ሳትከቱ ሌንሱን ንቀሉ፣ ጀርባውን ክፈቱ። ክፍሉን አጨልሙ። የስልካችሁን መብራት ከሌንሱ በኩል አስጠግታችሁ ከኋላ ተመልከቱ። ከዚያ ወጥሩና እንደገና ተመልከቱ። ሁለቴ ነው። ብዙ ሰው አንዱን መጋረጃ ብቻ አይቶ ደህና ነው ይላል። ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች ሲደርቅ የሚተጣጠፍ ጥቁር የጨርቅ ቀለም በስሱ ይቀባባታል። በስሱ ያልኩት ቀለሙ ሲወፍር መጋረጃው ስለሚከብድና ፍጥነቱ ስለሚዛባ ነው። የጨርቁ ጎማ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ቀለም አያድነውም፣ መጋረጃው መቀየር አለበት። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሌላውን ባጭሩ። የኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እንደ ሬንጅ ይሟሟል። ፎቶው ጠርዝ ላይ ብርቱካናማ ጭረት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው። አሁን የምታገኙት 1.5 ቮልት ነውና ብርሃን መለኪያው ሊዋሻችሁ ይችላል። ሌንስ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ የሚወደውም እርጥበትና ጨለማ ነው። ሻጋታው ሥር ከሰደደ ቢጸዳም የሌንሱን ቅብ በልቶ ምልክቱን ይተዋል።

ሌንስ ራሳችሁ አትክፈቱ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። የጃፓን ካሜራዎች ብሎን መስቀለኛ ቢመስልም ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር ልክ አይገጥምም፣ ጭንቅላቱን ትበሉታላችሁ። የፎከሱ ጥርስ ደግሞ መግቢያው ብዙ ነው። የተላቀቀበትን ቦታ ምልክት ሳታደርጉ ከነቀላችሁት መልሳችሁ ስትገጥሙት ሌንሱ ሩቁን ማየት እምቢ ይላል። ይህን ከየት አወቅክ ካላችሁኝ፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ከፍቻለሁ። አንዱ እስካሁን በሣጥን ውስጥ በቁርጥራጭ አለ። እኔን አትዩ።

ፀሐይን ደግሞ ክፉ ያደረግኳት መሰለኝ። የድሮዎቹ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር 1.4 ሌንሶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ብርጭቆ አለ። በአሥርተ ዓመታት ውስጥ እንደ ማር ይቢጫሉ። አንዱን ገዝቼ ሊጣል ነው ብዬ ነበር። ለተወሰኑ ቀናት መስኮት ላይ ፀሐይ ሳስመታው ቢጫው ለቀቀ፣ መስታወቱ ጠራ። የሚያጠራው አልትራ ቫዮሌቱ ነው። ከካሜራው ነቅላችሁ፣ ከኋላው የአልሙኒየም ፎይል አድርጋችሁ ነው ታዲያ። አለበለዚያ ጠረጴዛውን ታቃጥላላችሁ። እኔ በየደቂቃው እየተነሳሁ አየው ነበር። ሰው ቢያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል።

ስለ እናንተም አንድ ነገር ልበል፣ ትቀየሙኛላችሁ። ፊልም ታሳጥባላችሁ፣ ስካኑ በስልካችሁ ይመጣላችኋል፣ ኔጋቲቩን ሳትወስዱ ትቀራላችሁ። እሱ እኮ ነው ፎቶው! ስልካችሁ ላይ ያለው ቅጂው ነው። ያቺ ልጅ ኔጋቲቩ ቢኖራት ነጥቡ ፊልሙ ላይ ይሁን ስካኑ ላይ በአንድ ደቂቃ ትለየው ነበር። የለኝም አለችኝ። ተናደድኩ። ቆይቼ ግን አሰብኩት። ይቺ ልጅ አንድ ነጥብ አይታ የማታውቀውን ሰው ደፍራ ትጠይቃለች። እኔ በ19 ዓመቴ ከማውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ምሽት ተቀምጬ አልቻልኩም።

የመብራቱን ሙከራ ነገርኳት። ማታውኑ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጨለማ ክፍል፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ስትወጥረው ብቅ የምትል፣ ስትተኩሰው የምትጠፋ ነጥብ። ደጋግማ ትወጥራለች፣ ትተኩሳለች። ደስ ብሏታል፣ በሽታው ታወቀላት። ቀለሙን እንዴት እንደምትቀባ ጻፍኩላት።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ጋሼ፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ግን ያውቅ ነበር ይላሉ?»

ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። እስካሁን አልመለስኩላትም።