ቡችላዬ ግቢ ውስጥ ይሰማኛል፤ ውጭ ግን አያውቀኝም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ7 ወር ወንድ ቡችላ አለኝ፤ ፖይንተር ነው ተብሎ ከአዲስ አበባ የመጣልኝ። ግቢ ውስጥ «ቁጭ» ስለው ይቀመጣል፣ «ና» ስለው ይመጣል። ከበር ከወጣን በኋላ ግን እርግብ ካየ፣ ፍየል ካየ፣ ባጃጅ ካለፈ አለቀ! ገመዱን ይጎትታል፣ ያላዝናል፣ ስሙን አሥር ጊዜ ብጠራ ጆሮውን እንኳ አያዞርም። ይድከም ብዬ ጠዋት ጠዋት ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስሮጠዋለሁ፤ ይብስበታል። ጎረቤቶች «ግረፈው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የአንድ ሰዓቱን ሩጫ ያቁሙ። ውሻ በየቀኑ በሮጠ ቁጥር ይጠነክራል፤ ዛሬ ያደከመው ሩጫ በወሩ ማሟሟቂያ ይሆንለታል። ፖይንተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ሲያስስ እንዲውል የተዳቀለ የአደን ዘር ነው፤ በሩጫ እረታዋለሁ ማለት ዘበት ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንቱም ገና እያደገ ነውና የረጅም ጊዜ ግዳጅ ሩጫ መገጣጠሚያውን ሊጎዳው ይችላል። በምትኩ ገመዱን አላልተው 20 ደቂቃ እንደልቡ እያሸተተ ይሂድ። ማሽተት ያረጋጋዋል። ቀን ቀን ጥላ ሥር ይተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ቡችላ እንደ ሕፃን ይነጫነጫል።

ዱላውንም ይተዉት። እርግብ ባየ ቁጥር የሚመታ ውሻ የሚማረው ከእጅዎ መራቅን ብቻ ነው።

ችግሩ እምቢተኝነት አይደለም። ግቢ ውስጥ ፊደል የቆጠረውን ልጅ መጋላ ገበያ መሀል አቁመው ፈተና እንደ መስጠት ነው። መካከል ላይ ያለው ደረጃ ተዘሏል። ያንን ደረጃ እንሥራው።

መጀመሪያ ሽልማቱ። ደረቅ ዳቦ ከእርግብ ጋር አይወዳደርም። ሩብ ኪሎ የበሬ ወይም የግመል ሳንባ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ አንድ ሰዓት ያህል ይቀቅሉ፤ ሲበርድ በሽንብራ ፍሬ መጠን ይከትፉትና ምጣድ ላይ ትንሽ ያድርቁት። ጥሬውን በፍጹም አይስጡ። በእኛ አገር በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ የትል እጭ ከረጢቶች ይገኛሉ፤ ጥሬውን የበላ ውሻ ትሉን ይይዛል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ሰውን ይይዛል። የሰጡትን ያህል ከምግቡ ላይ ይቀንሱ።

አንደኛ ሳምንት፣ ግቢ ውስጥ ብቻ። ስሙን አንዴ ይጥሩ። ዓይኑ ወደ እርስዎ በዞረበት ቅጽበት «ጎሽ!» ይበሉና ወዲያው አንድ ፍሬ ያጉርሱት። አሥር ፍሬ፣ ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ በቃ። ካልዞረ አይድገሙት፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና ምላስዎን ጠቅ ያድርጉ፣ ይመለከታል። አሥር ጊዜ የተጠራ ስም እንደ ባጃጅ ጥሩምባ ነው፤ ማንም አይሰማውም።

ከዚያ የጭብጥ ልምምድ ይከተላል። ሳንባውን ጨብጠው እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉና ዝም ይበሉ። ይልሳል፣ በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ይጮኻል፤ ጭብጡን አይፍቱ። ሲታክተው «ምን ነካው?» የሚል ይመስል ለአፍታ ቀና ብሎ ፊትዎን ያያል። ሁሉ ነገር ያለው እዚያች አፍታ ላይ ነው። ያኔ «ጎሽ!»፣ ፍሬውንም ይስጡት። ሲለምደው ጭብጡን ትቶ ዓይንዎን ማየት ይጀምራል፤ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር ያድርሱት። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ከአንድ ሰከንድ ወደ አሥር በመዝለል ነው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ በሩ። ውሻው ከበር የሚወጣው ፈልቶ ከሆነ መንገዱ ሁሉ በዚያው ያልፋል። በሩን አንድ ጋት ይክፈቱ፤ ከተወረወረ ይዝጉ። ከተቀመጠ ይክፈቱ። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ከፍቶ በመዝጋት ያልቅና አንድ እርምጃም ሳትወጡ ትመለሱ ይሆናል፤ ይህ ሥራ እንጂ ኪሳራ አይደለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ደቻቱ ይመለሱ፤ ሰፊና ገላጣ ስለሆነ ፍየሎቹ ከሩቅ ይታያሉ። 10 ሜትር ናይለን ገመድ በደረት ማሰሪያው ላይ ይሰሩ። በአንገቱ ከሆነ ተፈናጥሮ ገመዱ ጫፍ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጎዳዋል። እርስዎም እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት፤ መዳፍ ይልጣል። አሁን ትክክለኛውን ርቀት ይፈልጉ፤ ፍየሉን እያየ ከእጅዎ ሳንባ የሚቀበልበት ርቀት ነው። ካፉ ከተፋው ወይም ካላሸተተው በጣም ቀርባችኋል። ለአንዱ ውሻ 30 እርምጃ ይበቃዋል፣ ለሌላው 100 ያስፈልገዋል። እዚያ ቁመው ይጠብቁ፤ አይጥሩት። በራሱ ሲዞር «ጎሽ!» ብለው ከፍየሉ በተቃራኒ አምስት እርምጃ ይራመዱና ይስጡት። ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ከዞረ አምስት እርምጃ ይቅረቡ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካቃተው ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሱ።

የአደን ዘር ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ለእሱ ከሳንባው ይልቅ ሽታው ይበልጣል። እርግብ አይቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ቀጥ ካለ በኋላ ፊቱን ወደ እርስዎ ካዞረ፣ «ሂድ!» ብለው እርግቦቹ የነበሩበትን ቦታ እንዲያሸት ይልቀቁት። የሚፈልገው ነገር የሚገኘው በእርስዎ በኩል መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ይሁን። የእጅዎን ጀርባ አስፋልት ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ የእሱም መዳፍ አይችልም። ምላሱ ረዝሞ ወደ ደማቅ ቀይ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ሙቀት መትቶታል፤ ጥላ ሥር አድርገው ሰውነቱን በሙሉ፣ በተለይ ሆዱንና ብሽሽቱን ውኃ ያፍስሱበት፣ ሳይዘገዩም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በክረምት ደግሞ ደጋው በኩል ከጠቆረ አሸዋው ላይ አይውረዱ። የ1998ቱን ጎርፍ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ከተማው ሳይዘንብበትም ወንዙ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ከሥራ የምመለሰው ማታ ነው። ቡችላዬን ከጀጎል ግንብ ውጭ ሳለማምደው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም አልሄድ ይላል። ሰነፍ ሆኖ ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ ጅቡ ሸቶት ነው። እናንተ ጅብን ለምዳችሁታል፤ ቡችላው ግን ቀበሌውን የሚጋራው መሆኑን አያውቅም፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው፤ ጅብ ውሻ ይበላል። ፈርቶ ያለ ውሻ አይማርም፣ ስለዚህ ማታ አይውጡ። ግቢ ውስጥ አምስት የሳንባ ፍሬ በጆንያና በቅርጫት ሥር ደብቀው «ፈልግ!» ይበሉት። አሥር ደቂቃ የአፍንጫ ሥራ ይበቃዋል። የእብድ ውሻ ክትባቱን 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም ከዓመት በኋላ መከተቡን ያረጋግጡ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ወር ውሻዬን ለቆቅና ለጅግራ ማለማመድ እፈልጋለሁ። ፊሽካና ተኩስ መቼ ልጀምር? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልምምዱ ግን ወፍ አይፈልግም። በጨርቅ የተሞላ ካልሲ ይበቃል። ፊሽካውን አሁን ይጀምሩ፤ አንድ ረጅም «ተቀመጥ»፣ ብዙ አጫጭር «ና» ይሁን፤ የትኛውንም ቢመርጡ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ይንፋ። ካልሲውን በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አይወርውሩ፣ ከሦስቱም አንዱን ውሻው ተቀምጦ እያየ እርስዎ ሄደው ያንሱት። ሁሌም የሚያመጣ ከሆነ የተወረወረ ሁሉ የእኔ ነው ይላል፤ ሳይታዘዝ መሮጥ የሚለምደው በዚህ ነው። ተኩስን ይተዉት፤ ምግብ ሲበላ ከ50 እርምጃ ርቀት የድስት ክዳን በማንኪያ ይመታ። ቀና ብሎ አይቶ መብላቱን ከቀጠለ በሳምንት አምስት እርምጃ ይቅረቡ፤ ሳህኑን ትቶ ከሸሸ ርቀቱን እጥፍ ያድርጉት።