የጃፓን ድራማ ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ፦ ሣጥኑን እንዳትገዢ

«በሚያዝያ ለማስተርስ ጃፓን እገባለሁ። ከአሁኑ ጆሮዬን የሚያለማምድልኝ የቴሌቪዥን ድራማ ንገሩኝ። ጃፓኖቹ ራሳቸው የሚወዱት የትኛውን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እህቴ፣ መልሴ ስለሚረዝም ታገሺኝ። ሰንዳይ ከተማ ሦስት ዓመት ተምሬ ነው የተመለስኩት። አኒሜውን ሌሎች ዘርዝረውልሻል። እኔ ገንዘቤን ያስበላኝን ልንገርሽ።

1. ኦሺንን እዪ፤ የዲቪዲ ሣጥኑን ግን እንዳትገዢ።

ዕድሜው ገፋ ያለ ጃፓናዊ ስለ ድራማ ካወራ ኦሺን ሳትነሳ አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀምሮ ለአንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት የታየ ነው። አንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ነው፤ በጠቅላላው 297 ክፍል። አማካይ ተመልካቹ 52.6 በመቶ ነበር። ከዚያ ከ60 በላይ አገሮች አዩት። ላብራቶሪ አብሮኝ የሚሠራው ኢራናዊ እናቱ ስለ ኦሺን ስታወራ ዛሬም ዓይኗ እንባ እንደሚያቀር ነግሮኛል።

ታሪኩ የያማጋታ ገጠር ነው። ድሃ ገበሬዎች የ7 ዓመት ልጃቸውን ለአንድ ጆንያ ሩዝ ብለው ለዓመት ሥራ ይሰጧታል። የሰው ልጅ እያዘለች ታገለግላለች። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም በ9 ዓመቷ ከገጠር ደሴ ተልካ፣ ዘመድ ቤት ሕፃን አዝላ ያደገች ናት። «ይህን ማየት አለባት» አልኩ።

ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሄጄ ሙሉውን ሣጥን በ35,000 የን ገዛሁ። የተማሪ ገንዘብ ነው፤ ያን ወር በሩዝና በእንቁላል ነው የገፋሁት። ከመክፈሌ በፊት «የእንግሊዝኛ ትርጉም ከሥሩ ይጻፍበታል?» ብዬ በተሰባበረ ጃፓንኛ ጠይቄያለሁ። ሻጩ «ሃይ፣ ሃይ» አለኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንድ ቃል እንግሊዝኛ የለበትም። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ልጁ ፊቴን እንኳ አላየም። ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ አጣምሮ አሳየኝ፤ እዚያ አገር «አይሆንም» ማለት ነው። ከተከፈተ አይመለስም፣ አለቀ። «ትናንት እኮ ሃይ ብለኸኛል» ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያኔ ያልገባኝ ይህ ነው። «ሃይ» ሁልጊዜ «አዎ» አይደለም። ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ዕቃውን እያሳየሽ ጠይቂ። ቃል ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ።

ሌላም አለ። ዲቪዲ የት አገር ማጫወቻ ላይ እንደሚሠራ የሚወስን የክልል ቁጥር አለው፤ የጃፓን 2 ነው፣ የኢትዮጵያ 5። አገር ቤት ስመጣ የእናቴ ማጫወቻ አልቀበልም አለ። የላፕቶፕ ማጫወቻም ቢሆን ክልሉን የሚቀይርልሽ አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆለፋል።

2. እሁድ አመሻሽ ቀጠሮ አትያዢ።

በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሾተን የሚባለው የቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት ይጀምራል። ከ1966 ጀምሮ አለ። ኪሞኖ የለበሱ ባለ ራኩጎዎች፣ ማለትም ተረት አዋቂዎች፣ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ በቃል ጨዋታ ይመልሳሉ። መልሱ ካማረ የመቀመጫ ትራስ ይጨመርለታል፤ ካላማረ ከሥሩ ይነጠቃል። አሥር የሞላለት ይሸለማል። የውጭ ተማሪዎች ይሰለቻሉ። አንቺ ግን ሰምና ወርቅ እየሰማሽ ያደግሽ ነሽ። «ሃሺ» ድልድይም ነው፣ የመብያ ዘንግም ነው፣ ጠርዝም ነው። ይህ እኮ የእኛው ኅብረ ቃል ነው! በሁለተኛው ዓመት አንድ እሁድ ከአከራዬ ቀድሜ ሳቅሁ። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝና ሻይ ቀዱልኝ። ዲግሪዬን ስቀበል የዚያን ያህል ደስ አላለኝም።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳዛኤ-ሳን ይመጣል። ከ1969 ጀምሮ ያለ የካርቱን ቤተሰብ ነው፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር። ጆሮሽን የሚያለማምድልሽ ይህ ነው። ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ፣ ለታላቅ እንዴት እንደሚነገር ሁሉ እዚያ አለ። ጃፓኖች ሲያልቅ «ነገ ሰኞ» ብለው ይከፋቸዋል።

3. ሃጂሜቴ ኖ ኦትሱካይ፣ «የመጀመሪያ መልእክት» እንደማለት ነው። ከ1991 ጀምሮ አለ፤ በ2022 በኔትፍሊክስ ለዓለም ተሠራጨ። ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ብቻቸውን ሱቅ ይላካሉ፤ ካሜራ የያዙት ሰዎች ተደብቀው ይከተላሉ። ፈረንጁ ያየውን አያምንም። እኔን ያስገረመኝ ካሜራው ነው። እኛ በርበሬና ዘይት ለማምጣት ስንላክ ማን ቀረጸን?

ኮዶኩ ኖ ጉርሜንም ይመክሩሻል፤ ሰውዬው በየምግብ ቤቱ ብቻውን የሚበላበት። አሪፍ ነው ይላሉ። እኔ ብቻውን የሚበላ ሰው ማየት አንጀቴ አልቻለም፤ ከሦስት ክፍል በላይ አልገፋሁም።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። የኦሺን ሰዎች የሚናገሩት የያማጋታ ገጠር ዘዬ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ አታገኚውም። ለቋንቋ ብለሽ እንዳትጀምሪው። እኔን ያዳኑኝ አከራዬ ናቸው። ማታ ማታ አብረውኝ እያዩ በተራው ጃፓንኛ ያስረዱኛል፤ እኔ በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሦስት ደብተር ሞላ።

ደሴ ስገባ የጃፓን ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ደብተሬን ይዤ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ልጅቷ በበረዶው መሐል ከቤቷ ርቃ በወንዝ ስትወሰድ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ብዙ ቆይታ፣ «አባትየው ያንን ሩዝ በላው?» አለችኝ።

አሁን 41ኛው ክፍል ላይ ነን። ደብተሩ ስላለቀ ለአከራዬ በስልክ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። እናቴም ከጎኔ ሆና ሰላምታ ታስልካለች።