«መረጃዎ ዳርክ ዌብ ላይ ተገኝቷል» የሚለው ኢሜይል እውነት ነው ወይስ ማጥመጃ?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለቤተሰቡ የማንነት ጥበቃ አገልግሎት (መረጃ ሲሾልክ የሚያስጠነቅቅ) ሲገዛ የእኔንም ኢሜይል እንዳስገባ ነግሮኝ ነበር። ሰሞኑን «መረጃዎ ዳርክ ዌብ ላይ ተገኝቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አካውንትዎን ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ስሜ ተጽፎበታል፣ የድርጅቱ ዓርማም አለበት። እንዳልነካው ማጥመጃ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እንዳልተወው እውነት ቢሆንስ? በምን ልለየው?

መልስ፦ «ያረጋግጡ» የሚለውን ቁልፍ አይንኩ። (ዳርክ ዌብ የሚባለው በተለመደው መፈለጊያ የማይገኝ፣ የተሰረቀ መረጃም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ክፍል ነው።) ወደ አገልግሎቱ በሌላ መንገድ ይግቡ፦ መተግበሪያው ስልክዎ ላይ ካለ እሱን ይክፈቱ፣ ከሌለ የድርጅቱን አድራሻ ራስዎ ጽፈው ይግቡ። ጉግል ላይ ስሙን የሚፈልጉ ከሆነ ከላይ «ስፖንሰርድ» የተባለውን ውጤት ይለፉት፤ አጭበርባሪዎችም ማስታወቂያ ይገዛሉ። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ከሆነ እዚያው አካውንት ውስጥ ከነቀኑ ተመዝግቦ ያገኙታል። ከሌለ ኢሜይሉን አይመኑት።

በእርስዎ ጉዳይ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ለመሆኑ በዚያ ድርጅት ፓስዎርድ ፈጥረው ያውቃሉ? ብዙዎቹ የቤተሰብ ጥቅሎች እያንዳንዱን አዋቂ በግብዣ፣ በየራሱ አካውንት ነው የሚያስገቡት። ግብዣ ተቀብለው ካልተመዘገቡ «የሚያረጋግጡት» አካውንት የለዎትም። ምናልባት ወንድምዎ ኢሜይልዎን በራሱ አካውንት ውስጥ «ይጠበቅ» ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ ያኔ ማስጠንቀቂያው የሚታየው በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ይደውሉለት፣ አካውንቱን ከፍቶ ይይልዎት። ኢሜይሉን ግን ፎርዋርድ አያድርጉለት፤ ከእርስዎ ስለመጣ አምኖት እሱ ሊነካው ይችላል። ፎቶ አንስተው ይላኩለት።

ማስጠንቀቂያው ምን ይላል የሚለውም ብዙ ይናገራል። የኢሜይል አድራሻ ከተሰረቀ የመረጃ ቋት ውስጥ መገኘቱ በማንም ላይ፣ የትም አገር ሊደርስ ይችላል። «በስምዎ ብድር ተጠይቋል» ወይም «የብድር ፋይልዎ ተቀይሯል» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ ይህን ፋይል፣ ማለትም የሰውን የብድር ታሪክ፣ የሚይዙት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉት ድርጅቶች ናቸው። አሜሪካ ኖሮ ለማያውቅ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው መለያ) የሌለው ሰው እዚያ የሚቀየር ፋይል የለውም። እንዲህ ያለ መልእክት ቱሉ ዲምቱ ተቀምጠው ከደረሰዎት ያለ ብዙ ምርመራ ይጣሉት።

ኢሜይልዎ በእርግጥ ሾልኮ እንደሆነ በነጻ ማየትም ይቻላል። ትሮይ ሀንት የተባለው አውስትራሊያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋመው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። የመጨረሻው ቃል የሚጻፈው በፒ፣ ደብሊው፣ ኤን፣ ኢ፣ ዲ ነው። የሚያስገቡት ኢሜይልዎን ብቻ ሲሆን፣ ከየትኛው ድርጅትና መቼ እንደሾለከ ይነግርዎታል። እዚያ ኢሜይልዎ ቢወጣ እንኳ የደረሰዎት ኢሜይል እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። አጥማጆቹም የሚጠቀሙት ያንኑ የሾለከ ዝርዝር ነው። ስምዎን ያወቁትም ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ የድሮ ፓስዎርድዎን ሳይቀር ጽፈው ይልካሉ። ዓርማ ደግሞ ከድረ ገጽ ላይ ይገለበጣል። «የፊደል ስህተት ካለበት ሐሰት ነው» የሚለው የቆየ ምክርም ዛሬ አያዋጣም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ማጥመጃ እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ይዞ ይመጣል፣ አማርኛውም እየተስተካከለ ነው።

አድራሻውን ማንበብ ለሚፈልጉ፦ በጂሜይል መተግበሪያ ከላኪው ስም ሥር ያለውን «ቱ ሚ» ሲነኩ ሙሉ አድራሻው ይወጣል። ስሙ ማንም እንደፈለገ የሚጽፈው ነው፤ ከ«አት» ምልክት በኋላ ያለውን ይዩ። ሊንኩን ለማየት ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩ፤ አድራሻው ሳይከፈት ይታያል። ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ስላሾች ይለፉና ቀጥሎ ከሚመጣው ስላሽ ወደ ግራ ያንብቡ። «ጉግል ነጥብ ኮም ነጥብ አካውንት-ቼክ ነጥብ ቶፕ ስላሽ ሎግኢን» የሚል ቢሆን ባለቤቱ «አካውንት-ቼክ ነጥብ ቶፕ» ነው፤ ፊት ለፊት የተጻፈው ጉግል ማጀቢያ ነው። እንደ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» እና «ኮም ነጥብ ኢቲ» ባሉት የአገራችን አድራሻዎች ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሦስት ክፍሎች ያንብቡ። በትንሽ ስክሪን ላይ «አር» እና «ኤን» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ «ኤም» እንደሚመስሉም ልብ ይበሉ።

በኮምፒውተር ከሆነ ከኢሜይሉ ቀኝ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ሾው ኦሪጅናል» ይበሉ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ (ኢሜይሉ በእርግጥ ከተጻፈበት አድራሻ መምጣቱን የሚፈትሹ ሦስት ዘዴዎች) ከሚሉት ጎን «ፓስ» ወይም «ፌይል» ተጽፎ ያገኛሉ። ዲማርክ «ፌይል» ካለ ኢሜይሉን አይመኑት። «ፓስ» ካለ ግን ኢሜይሉ በእርግጥ ከዚያ አድራሻ መውጣቱን እንጂ አድራሻው የታመነ ሰው መሆኑን አይነግርዎትም፤ አጭበርባሪ የራሱን አድራሻ ገዝቶ ሦስቱንም ያልፋል። የባሰም ታይቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አጥማጆች ጉግል ራሱ የፈረመበትን ማስጠንቀቂያ መልሰው ለሌሎች በመላክ የዲኪምን ፍተሻ አሳልፈው ነበር፤ ሊንኩም የሚወስደው ማንም ሰው ገጽ ሊሠራበት ወደሚችለው የጉግል ሳይትስ ነበር። በሌላ በኩል እውነተኛ ድርጅቶች ሊንካቸውን በኢሜይል ላኪ ኩባንያዎች በኩል ስለሚያሳልፉ እንግዳ አድራሻ ሊታይባቸው ይችላል። በራስዎ መንገድ ይግቡ የምንለው ለዚህ ነው፤ አድራሻ በማንበብ ብቻ እዚህም እዚያም መሳሳት አለ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ጉግል የራሱን «ዳርክ ዌብ ሪፖርት» በ2018 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም የሚመጣ አዲስ ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ፎርም ለማተም ጂሜይሌን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። ወዲያው «በዊንዶውስ አዲስ መግቢያ ታይቷል» የሚል ኢሜይል መጣ። ይሄስ?

መልስ፦ ሰዓቱ ከገቡበት ጋር ከገጠመ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቦታውን «አዲስ አበባ» ቢልም አይደንግጡ፤ ጉግል አካባቢውን የሚገምተው ከኢንተርኔት መስመሩ ነው። በስልክዎ ወደ ጉግል አካውንትዎ ገብተው «ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር ያለፉትን 28 ቀናት የደኅንነት እንቅስቃሴ ይመልከቱ፤ መግቢያው እዚያ መኖር አለበት። «ዩር ዲቫይስስ» ከሚለው ውስጥ ያንን ዊንዶውስ መርጠው «ሳይን አውት» ያድርጉ። ብራውዘሩ ፓስዎርድዎን መዝግቦት ሊሆን ስለሚችል ከራስዎ ስልክ ይቀይሩት። ለሚቀጥለው ጊዜ ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፣ ወይም ለቤቱ በቴሌግራም ይላኩለት።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምኖረው። «የፋይዳ ቁጥርዎ ሊታገድ ነው» የሚል ኢሜይል መጥቶልኝ ቁጥሬንም፣ ስልኬ ላይ የገባውንም ኮድ ሞላሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን ቢሆን ብዙም ባላሳሰበን ነበር፤ የሚያሰጋው ኮዱ ነው። ኮዱን የያዘ ሰው በዚያች ቅጽበት እርስዎን ሆኖ መቅረብ ይችላል። ኮዱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሞትም በእሱ የተከፈተው ነገር አይሞትም።

ስለዚህ አሁኑኑ ለባንክዎ ይደውሉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው፣ ለቴሌብር 127። «መረጃዬን ለአጭበርባሪ ሰጥቻለሁ፣ በስሜ አዲስ ነገር ተከፍቶ ከሆነ እዩልኝ» ይበሉ። የቴሌብርንና የሞባይል ባንኪንግን ፒን ይቀይሩ። ስልክዎ ድንገት ኔትወርክ ካጣና የጎረቤት ስልክ የሚሠራ ከሆነ ሲምዎን ሌላ ሰው አውጥቶት ሊሆን ይችላል፤ በሰው ስልክ 994 ይደውሉ፣ መታወቂያ ይዘውም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም መሸጫ ይሂዱ። ገጹ ላይ ፓስዎርድም ጽፈው ከሆነ የጂሜይሉን ይቀይሩ፤ የመልሶ ማግኛ ስልኩ የእርስዎ መሆኑን፣ ደብዳቤዎ ወደማያውቁት አድራሻ እንዲሄድ አለመደረጉንም ይዩ። ይህ ሁለተኛው የሚታየው በኮምፒውተር፣ «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተርስ» በሚሉት ገጾች ነው። ብዙ ሰው ፓስዎርድ ቀይሮ ይህን ይረሳል፣ ሌባው ደብዳቤውን ማንበቡን ይቀጥላል። ኢሜይሉን ከነአድራሻውና ከነሰዓቱ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ለኢንሳ (ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) በ933 ሲያመለክቱ ወይም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለፖሊስ ሲከሱ የሚጠየቁት ማስረጃ እሱ ነው።